የስልክ ኩባንያ ሲለወጥ ቁጥርን ይዞ ስለ መሄድ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ጤና አጠባበቅ፣ ስለ ደን ልማት፣ ስለ ጠፈርም ጭምር ተጽፎ አንብበናል። እኔ ዘንድሮ የምጽፈው ስለ ስልክ ቁጥር ነው። ከአንባቢዎቼ አንዳንዶቹ «ስለ አሥር አኃዝ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር ይገኛል?» ይሉ ይሆናል። እኔም ባለፈው ዓመት እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር።

አክስቴ በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ትኖራለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የያዘችው የስልክ ቁጥር በ301 የሚጀምር ነበረ፤ በቤታችንም ይህን ቁጥር በቃሉ የማያውቅ አልነበረም። በደብረ ብርሃን የሚኖሩት አያቴ ግን ቁጥር ማንበብ ስለማይሆንላቸው ስልካቸው ላይ በ2 ቁልፍ ተሞልቶላቸዋል። 2ን ጫን አድርገው ሲይዙ ወደ አክስቴ ይደወላል፤ ሁለት ጊዜ ከጠራ በኋላ ይዘጉታል፤ አክስቴም ሚስኮሉን አይታ መልሳ ትደውላለች። የእናትና የልጅ ግንኙነት በዚህች በአንዲት ቁልፍ ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ይቻላል።

በኅዳር ወር አክስቴ ከስልክ ኩባንያዋ ጋራ በሒሳብ ተጣላች። በየወሩ የሚመጣው ክፍያ ከተዋዋለችው እየበለጠ አስቸገራት። ተናድዳ ወደ ቢሮው ሄደችና «መስመሬን ዝጉልኝ» አለች፤ ወዲያው ዘጉላት። ከዚያም ወደ ሌላ ኩባንያ ሱቅ ገብታ «ያንኑ ቁጥሬን ስጡኝ» ብትል፣ ሻጩ ኮምፒዩተሩን ተመልክቶ «የተዘጋ መስመር አይዛወርም፤ ሳትዘጊው ብትመጪ ኖሮ ቁጥርሽን ይዘሽ ትገቢ ነበር» አላት። ወደ ፊተኞቹ ተመልሳ ብትለምን እነሱም የተዘጋውን አንከፍትም አሉ። እንግዲህ ምን ታድርግ? አዲስ ቁጥር ይዛ ወጣች። ባንኳ የምስጢር ቁጥር የሚልክላት በአሮጌው ስልክ ስለ ነበረ ገንዘቧን ለማየት እንኳ አንድ ቀን ሙሉ ባንክ ቤት ቆማ መዋልዋን ነግራናለች።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥፋት የእኔ ነው። ለገና ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ አባቴ «የእናቴን ስልክ ውሰድና በ2 ላይ ያለውን በአዲሱ ቁጥር ለውጥላቸው» ብለው አዝዘውኝ ነበር። እኔም ዶሮ ወጡን በልቼ፣ ከሰፈር ልጆች ጋራ ስጫወት ሰንብቼ፣ ረስቼው ተመለስሁ። አክስቴ እሑድ እሑድ ራስዋ ትደውል ስለ ነበረ ጉድለቱን ያስተዋለ ሰው አልተገኘም።

በጾሙ አጋማሽ አንድ ሌሊት፣ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አያቴን ደረታቸውን ያቃጥላቸዋል። ብቻቸውን ነበሩ። 2ን ጫኑ። ሁለተኛው ጥሪ ሳይደርስ የማያውቁት ወንድ በማያውቁት ቋንቋ መለሰ። ዘግተው እንደ ገና ቢጫኑ ያው ሰው፣ አሁን በቁጣ ድምፅ። አያቴ የራሳቸውን ሕመም ረሱት፤ «ልጄን ምን አገኛት? ስልኳን የያዘው ማን ነው?» እያሉ እስኪነጋ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወደ ጎረቤት ሄደው ለአባቴ አስደወሉ። ሕመሙን ሐኪሙ የጨጓራ ቃር ነው አለ፤ ልጃቸውም ደኅና መሆንዋን በጆሮአቸው ሰሙ። አባቴ ግን «2ን ለውጠሃል ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ይህን ነገር ለማጥናት የተነሣሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት የአክስቴ ቁጥር እንዴት ለሌላ ሰው እንደ ተሰጠ ነው። በአሜሪካ አገር አንድ መስመር ሲዘጋ ቁጥሩ ወዲያው ለሌላ አይሰጥም፤ የአገሩ የመገናኛ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ መሠረት ቢያንስ 45 ቀን ሥራ ፈትቶ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ለአዲስ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ቁጥር የማያልቅ ሀብት አይደለምና። ስለዚህ ያ ሰውዬ ምንም አልበደለም። በደንብ የተሰጠውን ቁጥር ይዞ፣ በእነርሱ ሰዓት አመሻሽ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከባሕር ማዶ አንዲት አሮጊት ሁለት ጊዜ ደውለው ዘጉበት። አሁን ሳስበው ለእርሱም አዝናለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ መስመሩ ሳይዘጋ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው በምን ብልሃት ይሄዳል የሚል ነበር። የአሜሪካ ስልክ ቁጥር አሥር አኃዝ ነው። የፊተኞቹ ሦስት አካባቢውን፣ የሚቀጥሉት ሦስት ጥሪውን የሚቀበለውን የማዞሪያ መሣሪያ፣ የመጨረሻዎቹ አራት ደንበኛውን ያመለክቱ ነበር። በድሮው አሠራር ማዞሪያው ስድስቱን አኃዝ አይቶ ጥሪውን የሚልክበትን ያውቃል። ቁጥር እንደ ቤት አድራሻ ነበር ማለት ነው። ሰውዬው ቁጥሩን ይዞ ሌላ ኩባንያ ሲገባ ግን እነዚያ ስድስት አኃዞች እውነት መናገራቸውን ይተዋሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ከአድራሻነት ወጥቶ እንደ ሰው ስም ሆነ፤ አድራሻው ለብቻው መመዝገብ አስፈለገ።

ይህን በእድራችን ልመስለው። አቶ እከሌ ቤት ለውጠዋል እንበል። የሚፈልጋቸው እንግዳ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወደ አሮጌው ቤታቸው ሄዶ ዘበኛውን መጠየቅና በዘበኛው መሪነት ወደ አዲሱ ቤት መድረስ ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ የእድሩን መዝገብ አይቶ በቀጥታ ወደ አዲሱ ቤት መሄድ ነው። የእንግሊዝ አገር የሞባይል ኩባንያዎች የመጀመሪያውን መንገድ መረጡ፤ ለተዛወረ ቁጥር የሚደወል ጥሪ በፊት ቁጥሩን ወደ ሰጠው ኩባንያ ይሄድና ከዚያ ይመራል። የዚህ አካሄድ ድካም ግልጽ ነው፤ ዘበኛው ከተኛ ወይም ቤቱ ከፈረሰ እንግዳው ደጅ ይቀራል። አሜሪካኖች ሁለተኛውን መረጡ። በማዕከላዊው መዝገብ ከያንዳንዱ የተዛወረ ቁጥር ጐን ሌላ ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ይጻፋል፤ ይህም ደንበኛውን አሁን የሚያገለግለው ማዞሪያ መለያ ነው። እኛ አናየውም፣ አንደውለውምም። ጥሪ አቅራቢው ኩባንያ መዝገቡን ጠይቆ መልሱን የሚያገኘው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ነው። ከደብረ ብርሃን የሚደወለውን ስንመለከት በእኛ በኩል የሚታየው ጥሪው በ1 የሚጀምር የአሜሪካ ቁጥር መሆኑ ብቻ ነው፤ የመዝገቡ ጥያቄ የሚደረገው እዚያ ነው።

ይህ መብት በቀላሉ አልተገኘም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በሞባይል ስልክ ቀዳሚዋ በ1997 ሲንጋፖር ናት። በአሜሪካ የ1996ቱ የመገናኛ ሕግ ደንበኛ ኩባንያ ሲለውጥ ቁጥሩን እንዲይዝ ቢደነግግም፣ የሞባይል ኩባንያዎቹ ጊዜው እንዲራዘም ደጋግመው ጠየቁ፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ በኅዳር 24 ቀን 2003 በ100 ትልልቅ የከተማ አካባቢዎች፣ በግንቦት 2004 በቀሩት ተጀመረ። ለምን ተቃወሙ ቢባል፣ በእኔ አስተያየት ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ቁጥሩን ማጣት የሚፈራ ደንበኛ ዋጋ ቢጨመርበትም አይሄድም። አክስቴም ብትሆን እስከዚያ ቀን ድረስ ዐሥራ አራት ዓመት የታገሠችው አገልግሎቱን ወድዳው አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ በውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ወላጆች ይህን ክፍል ቢያነቡላቸው ይጠቅማል። ከሁሉ የሚቀድመው አሮጌውን መስመር በገዛ እጅ አለመዝጋት ነው። በአሜሪካ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ደንበኛው ከአሮጌው ኩባንያ የሒሳብ ቁጥሩንና ለመዛወሪያ ብቻ የሚሰጠውን የምስጢር ቁጥር ይቀበላል (ይህ ስልኩን ከሚከፍትበት ምስጢር የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል)። እነዚህን ይዞ ወደ አዲሱ ኩባንያ ይሄዳል፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው አዲሱ ነው። ስሙና አድራሻው በሒሳቡ ወረቀት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መሆን አለበት፤ አንድ ፊደል ቢለይ ጥያቄው ሊመለስ ይችላል። የእኛ ስሞች በእንግሊዝኛ በሦስት በአራት ዓይነት ስለሚጻፉ ይህ ለሐበሻ የተለየ መሰናክል ነው። ቁጥሩ ተዛውሮ ሲያበቃ አሮጌው መስመር ራሱ ይዘጋል። ቀላል የሆነ ዝውውር በደንቡ በአንድ የሥራ ቀን ማለቅ አለበት፤ ከሞባይል ወደ ሞባይል ሲሆን ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

ዕዳ ያለበትስ? አሮጌው ኩባንያ ዕዳ አለብህ ብሎ ቁጥሩን መከልከል አይችልም። ዕዳው ግን አይሰረዝም። የተገዛው ስልክ ዋጋው ተከፍሎ ካላለቀም ለሌላ ኩባንያ ላይከፈት ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በእንግሊዝ ከ2019 ወዲህ ሥራው እጅግ ቀልሏል፤ ደንበኛው ወደ 65075 አጭር መልእክት ልኮ የመዛወሪያ ምልክት ይቀበላል፣ ያንን በ30 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ኩባንያ ይሰጣል። እስራኤል በ2007፣ ጎረቤታችን ኬንያ በ2011፣ ብዙ እኅቶቻችን የሚሠሩባት የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስም በ2013 ጀምረዋል።

በዚህ ነገር ሌቦችም አልተኙም። የሌላውን ሰው ስምና የሒሳብ ቁጥር ያገኘ ሌባ ባለቤቱ ሳያውቅ ቁጥሩን ወደ ራሱ ሲም ካርድ አዛውሮ፣ ባንክ የሚልከውን ምስጢር ተቀብሎ ገንዘቡን ሊወስድ ይችላል። የአሜሪካው ኮሚሽን ስለዚህ በ2023 ኩባንያዎች የደንበኛውን ማንነት አጥብቀው እንዲያጣሩ ደንብ አውጥቶአል። ስልክ በድንገት ምልክት አጥቶ ዝም ሲል «ኔትወርክ ጠፋ» ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ በሌላ ስልክ ወደ ኩባንያውና ወደ ባንኩ መደወል ነው።

በአገራችን ብዙ ዘመን አንድ የስልክ ድርጅት ብቻ ስለ ነበረ ጥያቄው አይነሣም ነበር። ሳፋሪኮም በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መስከረም በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር ግን፣ የኢትዮ ቴሌኮም ሞባይል በ09፣ የእርሱ በ07 እየጀመረ ተሰጠ። የመገናኛ አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011ም ቁጥርን ይዞ ስለ መዛወር ይናገራል። አባቴ የቧንቧ ሥራ ሱቅ አላቸው፤ በሩ ላይ በ09 የሚጀምረው ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎአል። ይህን ጽሑፍ ሳነብላቸው «ሰው ቁጥሩን ይዞ ከሄደማ 09 ብሎ ማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያዎቹ አኃዞች ኩባንያውን አይናገሩም፤ ከራስ ኩባንያ ወደ ራስ ኩባንያ ሲደወል በሚረክስበት አገር ይህ የኪስ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ አባቴ ትንሽ አሰቡና «የበሩን ቀለም ከመፋቅ ይሻላል» አሉ።

በዚህ ዓመት ጥቅምት አክስቴ በምትሠራበት ሆስፒታል ውስጥ ስልኳ አልሠራ ስላላት እንደ ገና ኩባንያ ለመለወጥ ተነሣች። በቪዲዮ ደውላ «አንተ ሊቅ፣ ና ምራኝ» አለችኝ። የሒሳብ ቁጥሩን፣ የመዛወሪያውን ምስጢር፣ የስሟን አጻጻፍ አንድ በአንድ አስነበብኋት፤ በስሟ ውስጥ አንድ ፊደል ተደጋግሞ አገኘንና በሒሳቡ ወረቀት ላይ እንዳለው አደረግነው። እናቴ ቡና እያፈሉ ነበር። ከበረካው በኋላ ስኒው ታጥቦ ሳያልቅ አዲሱ ሲም ካርድ ምልክት አወጣ።

በማግስቱ እሑድ አያቴ 2ን ጫኑ፤ በ2 ላይ ያለውን ከፋሲካ በፊት በገዛ እጄ ለውጬላቸዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዘጉት፤ አክስቴም መልሳ ደወለች። አያቴ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ወለደችው ላም ግማሽ ሰዓት አወሩላት። ኩባንያ መለወጡን እስካሁን አያውቁም።