የላሚኔት ክፍተት፦ ከመድፈን በፊት መንስኤውን ማወቅ

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት አካባቢ አፓርታማ ወይም ኮንዶሚኒየም ሊገዛ የመጣ ሰው ዓይኑ ፈጥኖ የሚያርፈው ወለሉ ላይ ነው። በላሚኔቱ ጣውላዎች መካከል ጥቁር መስመር ከታየ ለዋጋ ክርክር ምክንያት ይሆናል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ክፍተቱን በስቱኮ አስደፍኖ ቤቱን ለማሳየት ይቸኩላል። እንዲህ ባለው ግብይት ግን ሁለቱም ወገኖች ሊከስሩ ይችላሉ። ሻጩ በግማሽ ቀን ሥራ ሊዘጋ ለሚችል ክፍተት ዋጋ ይቀንሳል፤ ገዥው ደግሞ ከሥሩ ውሃ የገባበትን ወለል ደህና ነው ብሎ ይረከባል።

ነገሩን ለመረዳት ላሚኔት ከፓርኬ የሚለይበትን ማወቅ ያስፈልጋል። ፓርኬ ከሊሾው ጋር ተጣብቆ የሚነጠፍ እንጨት ሲሆን ሲያረጅ በማሽን ተፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። ላሚኔት ግን ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠራና የእንጨት መልክ ባለው የታተመ ወረቀትና በጠንካራ ሽፋን የተለበጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በስዊድኑ ፐርስቶርፕ ኩባንያ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ያለ ኮላ ወንዴና ሴቴ ጥርሱ ተቆላልፎ የሚገጠመው ዓይነት ገበያ ላይ የዋለው በ1990ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ ነው። ከሊሾው ጋር አይጣበቅም፤ በስስ ፎም ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። በመሆኑም ይንቀሳቀሳል።

የእንጨት ቃጫ እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት የሚበዛባት፣ ከጥቅምት በኋላ የምትደርቅ ከተማ ናት። አምራቾች በግድግዳው ዙሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ እንዲተው የሚያዙት ለዚህ ነው። ይህንን ቦታ ዞኮሎው ይሸፍነዋል።

ከዚህ በመነሣት ክፍተቶችን በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው የወቅት ክፍተት ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ሆኖ በበጋ ይታያል፣ በክረምት ይገጥማል። ይህን መተው ይሻላል። በጥር በደረቅ ስቱኮ የተደፈነ ክፍተት በሐምሌ ጣውላው ሲሰፋ ስቱኮውን ይተፋዋል።

ሁለተኛው ጣውላዎቹ በአጭር ጎናቸው ራስ ለራስ ሲላቀቁ የሚፈጠረው ነው። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ያልተስተካከለ ሊሾ፣ በደንብ ያልተቆለፈ ጥርስ ወይም ከባድ ቁም ሣጥን የወለሉን አንድ ወገን ተጭኖ መያዙ ነው። ይህ ይጠገናል።

ሦስተኛው የውሃ ጉዳት ነው። የጣውላው ጠርዝ አብጦ ከፍ ይላል፣ ሲረገጥም ይለሰልሳል። ቧንቧ ሳይዘጋ ውሃ ይጠፋና ሌሊት ሲመጣ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል፤ ለሴራሚክ እንደሚደረገው በባልዲ ውሃ እየደፉ መወልወልም አለ፤ ለቡና የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጠማ ሳይነሣ ሲያድርም ጠርዙን ያጠጣዋል። ያበጠ ጣውላ ወደ ነበረበት አይመለስም። የውሃው ምንጭ ከተዘጋ በኋላ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው።

ሁለተኛውን ዓይነት ክፍተት ባለቤቱ ራሱ ሊጠግነው ይችላል። በቅድሚያ በዚያ ረድፍ ላይ ያለው የቤት ዕቃ ይነሣል። ክፍተቱ ቅርብ በሆነው ግድግዳ በኩል ያለው ዞኮሎም ይነቀላል። ክፍተቱ ውስጥ የገባው አቧራ በስስ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ቆሻሻ ከቀረ ጣውላው አይገጥምም። ከዚያም ጥቂት ጠብታ ነጭ የእንጨት ኮላ በጥርሱ ላይ ይደረጋል። ቀጥሎ አንድ ቁራጭ እንጨት በሁለት ወገን በሚያጣብቅ ፕላስተር ከጣውላው ላይ ይለጠፍና በጎማ መዶሻ ወደ ክፍተቱ አቅጣጫ ቀስ እያሉ ይመታል። መስታወት ገጣሚዎች የሚጠቀሙበት፣ አየር ስቦ የሚጣበቅ እጀታ ከተገኘም በቁራጩ ፈንታ ይሠራል።

አንዱ ጣውላ ሲገጥም ክፍተቱ ወደ ቀጣዩ ይዛወራል። ስለዚህ ሥራው በየተራ እስከ ግድግዳው ይቀጥላል፤ የመጨረሻው ክፍተት ከዞኮሎው ሥር ይቀራል። የተረፈው ኮላ ሳይደርቅ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ መጠረግ አለበት። ኮላው እስኪይዝ ድረስም እዚያ ላይ አይረገጥም። ዞኮሎው ሲመለስ ምስማሩ ግድግዳውን እንጂ ወለሉን መምታት የለበትም፤ ወለሉ ከተቸነከረ ሌላ ቦታ መላቀቁ አይቀርም።

ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ በገንዘብ ሲሰላ ግን ትንሽ አይደለም። ላሚኔት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ይንቀሳቀሳል። ከዚህም በላይ አስመጪው ዲዛይኑን ሲቀይር ያው ቀለም፣ ውፍረትና ጥርስ ያለው ጣውላ ላይገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሦስት ጣውላ የተበላሸበት 20 ካሬ ክፍል ሙሉውን ሊቀየር ነው። አዲስ የሚያስነጥፍ ሰው አንድ ካርቶን አትርፎ ቢያስቀምጥ ከዚህ ወጪ ይድናል።

ለገዥና ለደላላ ደግሞ ፍተሻው ቀላል ነው። በመታጠቢያ ቤቱ በር፣ በኩሽናውና በበረንዳው ጥግ ጣትን በመጋጠሚያው ላይ ማስኬድ ይበቃል። ጠርዙ ሜዳ ከሆነ ክፍተቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በዚህ ሰበብ ብዙ ማስቀነስ አያስኬድም። ጠርዙ ካበጠ ግን ስለ ወለሉ ዋጋ ከመከራከር በፊት ውሃው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል። አዲስ በተደፈነ ስቱኮ ላይም ይኸው ጥያቄ መቅረብ አለበት።