የጓሮው ቡና የማን ዘር ነው?



ከመካከላችን የሰኮሩ ልጆች የሆንን ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ በየዓመቱ የምናየው ነገር አለ። አያቶች የተከሉት ቡና ይነቀልና በቦታው ጫት ወይም ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ቡና ይተከላል። ባለቤቱን «ለምን?» ስንለው «አርጅቷል፣ ፍሬም አይሰጥ» ይለናል። አልተሳሳተም፤ ልጆቹን የሚያስተምረው ከዚያችው መሬት ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የተነቀለው ምን ዓይነት ቡና ነበር? ቅጠሉን አይቶ መመለስ አይቻልም። ሁለት ዛፎች መንታ መስለው በዘር ሊራራቁ ይችላሉ፤ ጥላና አፈር ደግሞ አንዱን ዘር ሁለት ያስመስሉታል።

የዘረመል ማርከር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዲኤንኤን በአራት ፊደል የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ አድርገን እናስበው። አንዳንድ ቦታ ላይ አጭር ቃል ይደጋገማል፤ ለምሳሌ በአንዱ ዛፍ 12 ጊዜ፣ በሌላው 15 ጊዜ። ይህ ማይክሮሳተላይት ይባላል። ለጋ ቅጠል ይቀነጠስና በሲሊካ ጄል ይደርቃል፤ ዲኤንኤው ይወጣል፤ የተፈለገው ቦታ በፒሲአር ይባዛል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ውስጥ ሲነዳ አጭሩ ቁራጭ ይቀድማል፣ ረጅሙ ወደኋላ ይቀራል። አንድ ማርከር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ብዙዎቹ ሲደመሩ ግን ዛፍን ከዛፍ ይለያሉ። በቦርኒዮ ደኖች ነፍሳት እያጠመዱ የሚመገቡት ባለ ገንቦ ዕፅዋትም የሚጠኑት በዚሁ ዘዴ ነው። ቡና ላይ ትንሽ ያስቸግራል፦ አረቢካ ከሁለት ዝርያዎች ተዳቅሎ የመጣ ስለሆነ ባለ 44 ክሮሞሶም ነው፤ ወላጆቹ 22፣ 22 ናቸው። ጄሉ ላይ የሁለቱም ወገን መስመር ሊወጣ ስለሚችል ጀማሪ አንባቢ መደናገሩ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቡና ከአገራችን ወደ የመን ተሻግሮ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር ይጠጡት ነበር። ከየመን ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ግን የጥቂት ዛፎች ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ አምስተርዳም የደረሰው ተክል ልጆች የአሜሪካን እርሻዎች አለበሱ። ሰፊው የዘር ሀብት የቀረው እዚሁ፣ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችንና በየጓሯችን ነው።

ጥቅሙን በዓይናችን ያየነው በበሽታ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ በተለምዶ ሲቢዲ የሚባለው፣ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። መፍትሔው ከውጭ አልመጣም። ከኢሉባቦር ደን በሽታውን የቻሉ ዛፎች ተመርጠው ወጡ፤ ዛሬ ገበሬዎቻችን በቁጥር የሚጠሯቸው 74110 እና 74112 ከእነዚያ ናቸው። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ያ ደን ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ?

የሚገርመው፣ የስኬቱ ልጆች ራሳቸው ሌላ ጣጣ ይዘው መጡ። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ቢሆንም ንብ ከእርሻው ወደ ደኑ የአበባ ዱቄት ታሻግራለች፣ ሰውም በደኑ ውስጥ የተመረጡ ችግኞችን ይተክላል። በማርከር የተደረጉ ጥናቶች የተመረጡት ዝርያዎች ዘር ወደ ደን ቡና እየገባ መሆኑን አሳይተዋል። በዓይን ቢታይ ደኑ ያው ደን ነው።

ዘሩን ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ እንደ ስንዴ ማስቀመጥ እንዳይቻል፣ የቡና ዘር እንዲያ አይቆይም። ስለዚህ በጎማ ወረዳ ጮጬ እንደሚደረገው ዛፉን ከነሕይወቱ በማሳ መጠበቅ ግድ ነው። መሬትና ጉልበት ይበላል፤ የትኛው ዛፍ ድግግሞሽ እንደሆነ፣ የትኛው ብቸኛ እንደሆነ ማርከሩ ከነገረን ግን ቦታው ለሚገባው ይሆናል።

አባቶቻችንን «አትንቀሉ» የማለት ድፍረት የለንም። ጥግ ላይ ሁለት ሦስት አሮጌ ዛፍ ጎንድለው እንዲያቆዩልን ግን እንለምናለን፤ ከጉንዱ ያቆጠቁጣል። ባዮሎጂና ሆርቲካልቸር የምትማሩ፣ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ፣ በእረፍት ሰኮሩ ቅጠል ለመልቀም አብረናችሁ እንወርዳለን ኢንሻአላህ። ሲሊካ ጄሉን ብቻ ያዙ።