ዶሮ አጥር አያውቅም፦ የጓሮ ዶሮ አያያዝና የጉርብትና ኃላፊነት

የንባብ ክፍል፦ ዘጸአት 22፥6፤ ምሳሌ 27፥23፤ ገላትያ 6፥10



ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ የሚሄድ መንገደኛ አምባራስን ያገኛል። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ስለ ሆነ ዋናው እህል ገብስ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በዚህ አካባቢ በሬና በግ የአባወራው ሀብት ሲሆኑ፣ ዶሮ ግን የእናት መቀነት ናት። ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተርና እስክርቢቶ የሚገዛው ከእንቁላል በሚገኘው ገንዘብ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ከብቱንም ዶሮውንም አጥቶአል። ኑሮውን እንደ ገና የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ለመግዛት የሚችለው ከእንስሳት ሁሉ ዋጋው የሚቀለውን ስለ ሆነ፣ ስለ ዶሮ መማር ትንሽ ነገር አይደለም።

ስሕተታችን

ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት የራሳችንን ስሕተት እንናገራለን። አንድ ዓመት ከደጋፊዎቻችን በተላከ ገንዘብ በአንድ መንደር ለሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ቄብ ዶሮዎች ለመስጠት ወሰንን። በዓል ቀርቦ ስለ ነበር ቸኩለን ከገበያ ገዛን፤ በቅርጫት አጭቀን በአንድ ቀን አደልን፤ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ቁጥሩንም በሪፖርት ጻፍን። ሳምንት ሳይሞላ ካመጣናቸው መካከል አንዳንዶቹ ክንፋቸውን ጥለው ቆሙ፤ አረንጓዴ ኩስ ጣሉ፤ አንገታቸውም ተጠማዘዘ። ፈንግል ነበር። ሁለት ሳምንት ሳያልፍ እኛ ያመጣናቸው ብቻ ሳይሆኑ ቀድሞ በመንደሩ የነበሩትም አብዛኞቹ አለቁ።

ከሁሉ ይልቅ የከበደን ግን በመዝገባችን ስማቸው ያልተጻፈ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም አባል ያልሆኑ አንዲት እናት የተናገሩት ቃል ነው። «ልጆቼ፣ ለእኔ ምንም አልሰጣችሁኝም፤ ስለዚህ አልተቀየምኳችሁም። የነበሩኝን ዘጠኝ ዶሮዎች የወሰዳችሁብኝ ግን ስለ ምንድን ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በዚያ ሳምንት ዘጸአት 22፥6ን አብረን አነበብን። ሕጉ እሳት ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ የጎረቤቱን ክምር ቢበላ፣ እሳቱን ያስነሣው ሰው እንዲከፍል ያዛል። ሰውዬው ክፉ አሳብ ነበረው ወይስ አልነበረውም ብሎ አይጠይቅም። እኛም ክፉ አሳብ አልነበረንም፤ ሆኖም እሳቱ የወጣው ከእኛ እጅ ነው። ከየደመወዛችን አዋጥተን የእኒያን እናት ዶሮዎች ተካን። ከዚያም የዶሮን ነገር ከመጀመሪያው መማር ጀመርን። የተማርነውም እንደሚከተለው ነው።

1. የዶሮ ውሎና አዳር

ጧት የዶሮ ማደሪያውን ስትከፍቱ አትቸኩሉ። ሲወጡ ቁጠሩ፤ ተመልከቱም። ጤነኛዋ ዶሮ ወዲያው መሬት መጫር ትጀምራለች። የታመመችው ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ላባዋን ነፍታ ዓይኗን ትጨፍናለች። ምሳሌ 27፥23 ሰው የመንጋውን ሁኔታ ለይቶ እንዲያውቅ ይመክራል፤ ይህ ምክር በግ ላለው ብቻ አይደለም።

ንጹሕ ውሃ በማይገለበጥ ዕቃ አኑሩ፤ በየቀኑም ለውጡ። ውርጭ በጣለበት ጧት ለብ ያለ ውሃ ብትሰጡ መልካም ነው። ጭረው ከሚያገኙት ትልና ጥሬ ሌላ ጧትና ማታ ጥቂት ገብስና የጎመን ቅጠል ጨምሩላቸው። የእንቁላል ቅርፊት ቆልታችሁና አድቅቃችሁ ብትሰጡ የሚጥሉት እንቁላል ቅርፊቱ ይጠነክራል።

በአገራችን ልማድ ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ቤት ታድራለች። ምክንያቱ ብርዱና አውሬው ስለ ሆነ ልማዱን አንነቅፍም። ነገር ግን ኩሱና አቧራው ለሕፃናት ጤና አይበጅም። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ፣ በጭቃ የተመረገ፣ በሩ ወደ ምሥራቅ የሆነ ትንሽ ማደሪያ መሥራት ይቻላል። ቆጡ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ወለሉም ጭድ ይነጠፍበት። በየሳምንቱ ተጠርጎ የሚወጣው ኩስ ከበሰበሰ በኋላ ለድንችና ለጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። በደረቅ አመድና አፈር የተሞላ ጉድጓድ በአጠገቡ ቢኖር ዶሮዎቹ ተንከባልለውበት ቅማላቸውን ያራግፋሉ። ሌሊት ሸለምጥማጥ፣ ቀን ጭልፊት እንዳይወስዳቸው ተጠንቀቁ። በስሜን ተራራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ግን ምግቡ በአብዛኛው አይጥ ስለ ሆነ የሌላው አውሬ ጥፋት በእርሱ አይመካኝ።

2. ማሳቀፍና ጫጩት ማሳደግ

ለማሳቀፍ ከ10 ቀን ያልበለጠ፣ ያልተሰነጠቀ፣ መካከለኛ መጠን ያለው እንቁላል ምረጡ። የአገራችን ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ብታቅፍ ይበቃታል። በ7ኛው ቀን ሌሊት እንቁላሉን ወደ ባትሪ መብራት አስጠግታችሁ እዩ። ቀያይ የደም ሥሮች ከታዩ ሕይወት አለው፤ ጥርት ብሎ ከታየ ግን ጫጩት አይወጣውም። በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ።

ጊዜውንም አስቡበት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያ ወራት እንቁላል የሚገዛ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ዋጋው ይወርዳል። በርካሽ ከመሸጥ ይልቅ ከፊሉን ማሳቀፍ ብልኅነት ነው።

ብዙ ጫጩት የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ነው። ስለዚህ እናቲቱን ከነጫጩቶቿ ወዲያው አትልቀቁ። በሰፊ ቅርጫት ሥር አኑሯት፤ ጫጩቶቹ ሲበርዳቸው ወደ ክንፎቿ ይመለሳሉ። የደቀቀ ገብስና ውሃ በአጠገባቸው አድርጉ። ጌታችን ለኢየሩሳሌም ያለውን ርኅራኄ በተናገረ ጊዜ (ማቴዎስ 23፥37) ምሳሌ አድርጎ የወሰደው ይህንኑ በየጓሮአችን የምናየውን ነገር ነው።

3. ፈንግልን መከላከል

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ፈንግልን ካልተከላከለ ድካሙ በአንድ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። በታመመች ዶሮ ኩስና ትንፋሽ፣ በቅርጫት፣ በጫማ፣ በእጅም ይተላለፋል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ለሰው የታዘዘ ክኒን አይፈውሰውም።

ነገር ግን ክትባት አለው። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ የሚቋቋም፣ በዓይን አንድ ጠብታ ብቻ የሚሰጥ ዓይነትም አለ፤ ለጫጩትም ለአውራ ዶሮም ይሆናል። ኃይሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ በየአራት ወሩ መደገም ይገባዋል። ለምሳሌ ጥቅምት፣ የካቲትና ሰኔ ብሎ መያዝ ይቻላል። የካቲት ከፋሲካ ገበያ በፊት ይውላል፤ ሰኔም ከዘመን መለወጫው ገበያ ይቀድማል። የሚከተበው ጤነኛ ዶሮ ብቻ ነው፤ መከላከያው የሚጸናውም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ብልቃጥ ያለው ክትባት ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም ለሌላ ቀን አይቀመጥም። አምስት ዶሮ ያላት አንዲት እናት ለብቻዋ ብትገዛው አብዛኛው ይፈስሳል። መንደሩ በአንድ ቀን ከተሰበሰበ ግን ለሁሉ ይዳረሳል፤ ወጪውም ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆናል። ስለዚህ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ የክትባት ቀን ወስኑ፤ የጎረቤቱን ደጅ ሁሉ አንኳኩ። ኦርቶዶክሱም፣ እስላሙም፣ ወንጌላዊውም ዶሮውን ይዞ ይምጣ። ገላትያ 6፥10 ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች እንድናስብ ያሳስባል፤ ነገር ግን መልካም ነገር ለሰው ሁሉ እንዲደረግ አስቀድሞ ያዛል። እኛ የመጨረሻውን ይዘን የመጀመሪያውን ስለ ተውን ወደቅን።

4. ፈተናው ሲመጣ

ፈንግል ወደ ግቢ በገባ ጊዜ አንድ ፈተና ይመጣል፤ ይኸውም ያልሞቱትን ቶሎ ወደ ገበያ ማውጣት ነው። ድኻ ይህን ቢያደርግ ለምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ያቺ ዶሮ ከገዢው ጋር ወደ ሌላ መንደር፣ ወደ ሌላይቱ እናት መቀነት ትሄዳለች። ስለዚህ፦

ሀ) የታመመችውን ለዩ፤ የቀሩትን አትሽጡ፤ ለጎረቤትም ወዲያው ንገሩ።

ለ) የሞተውን አቃጥሉ ወይም አርቃችሁ ቅበሩ፤ ለውሻ አትጣሉ።

ሐ) ከገበያ የገዛችሁትን ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት።

መ) ቤተ ክርስቲያን ዶሮ ያለቀባቸውን ቤተ ሰቦች ትደግፍ። ዝም ብለን አትሽጡ ብንል በባዶ ሆድ ላይ ሕግ መጫን ይሆንብናል። ለጨውና ለደብተር የሚሆን ትንሽ የመረዳጃ ገንዘብ ካለ ሰው እውነትን ለመናገር ይደፍራል።

ለደጋፊዎቻችን

በዚህ ትምህርት ምክንያት ሥራችንን ለውጠናል። አሁን በሪፖርታችን አስቀድመን የምንጽፈው ስንት ዶሮ እንደ ታደለ ሳይሆን፣ ስንት ቤት በክትባት ቀን እንደ መጣና ስንት ጫጩት ስምንት ሳምንት እንዳለፈ ነው። ይህ ለፎቶግራፍ የሚያምር አይደለም፤ ጠብታ ከፎቶግራፍ ላይ አይታይም። ነገር ግን እኒያ እናት ባለፈው የክትባት ቀን ዶሮዎቻቸውን በእንቅብ ይዘው ከሁሉ ቀድመው መጡ። ሁለት ጎረቤቶቻቸውንም አስከትለው ነበር።

ለውይይት

1. በመንደራችሁ ፈንግል የገባው መቼ ነበር? ከየት መጣ? ያን ጊዜ የተሸጡት ዶሮዎች ወዴት ሄዱ?

2. ዘጸአት 22፥6ን አንብቡ። ሳናስበው በጎረቤት ላይ ያደረስነው ጉዳት አለን? እንዴት እንክፈለው?

3. በሚቀጥለው የክትባት ቀን የማንን ደጅ ታንኳኳላችሁ? ከማኅበረ ምእመናኑ ውጭ ያሉ ሦስት ቤቶችን ወስኑ።

ሥራችንንና የስሜንን እናቶች በጸሎት አስቡ። የጌታችን ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።