የመኖሪያ ሠፈርን ለመምረጥ የሚገባ ሒሳብ

ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ የሚተምነው ሻጩ በላከለት ደረሰኝ ብቻ አይደለም። የመርከቡን ጭነት፣ የመድን ዋስትናውን፣ የጉምሩክ ቀረጡን፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለውንም የመኪና ኪራይ ደምሮ፣ ዕቃው ከመጋዘኑ እስኪገባ ድረስ ስንት እንደ ወጣበት ሳያውቅ የመሸጫ ዋጋ አይቈርጥም። ይህንኑ ጥንቃቄ የለመደ ሰው ግን ለቤተ ሰቡ ከከተማው ዳር ቤት ሲገዛ ወይም ሲከራይ፣ ብዙ ጊዜ የሚመለከተው የቤቱን ዋጋ ብቻ ነው። ቤትም እንደ ዕቃ ሁሉ ሙሉ ሒሳቡ ሊወጣለት ይገባል።

በቀድሞው ዘመን የአዲስ አበባ ነጋዴ እንዲህ ያለው ሒሳብ እምብዛም አያስፈልገውም ነበር። ገበያው በአራዳ ሳለም ሆነ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ከተዛወረ በኋላ፣ ብዙው ባለ ሱቅ የሚኖረው ከሱቁ ጓሮ ወይም ከዚያው ሠፈር ነበር። ዛሬ ከተማው ወደ አያት፣ ወደ ለቡ፣ ወደ ጀሞና ወደ ቱሉ ዲምቱ ስለ ሰፋ ሱቅና ቤት ተራርቀዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚታሰበው መንገዱ ነው። ሠፈር በመለወጡ ምክንያት ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ ለመመለስም አንድ ሰዓት የሚጨመርበት ነጋዴ፣ በሳምንት 6 ቀን ሲሠራ 12 ሰዓት በመንገድ ላይ ያጠፋል። ይህም በ50 ሳምንት 600 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን 8 ሰዓት ቢታሰብ 75 የሥራ ቀን ማለት ነው። ከዚህም ጊዜ አብዛኛው የሚቀነሰው ከሱቁ ሳይሆን ከልጆቹ ነው። ሱቁን በምሽቱ 2 ሰዓት የሚዘጋ አባት፣ እቤቱ ሲደርስ ልጆቹን ተኝተው ያገኛቸዋል።

ሠፈሩ የባቡር መስመር አለው መባሉም ብቻውን አይበቃም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው መርካቶን ስለማይነካ፣ ወደ ገበያው የሚሄድ ሰው ወደ ሁለተኛው መስመር መዛወር ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ቤት ፈላጊው በእሑድ ቀን በባዶ መንገድ ሄዶ ከማድነቅ ይልቅ፣ በሰኞ ጧት በ1 ሰዓት ከዚያ ሠፈር ተነሥቶ እስከ ሱቁ ቢጓዝ እውነተኛውን ነገር ይረዳል።

ሁለተኛው ውሃና አፈር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሠፈር፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚጠየቀው ደላላው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። በከተማው ደቡብና ምሥራቅ ደቡብ በብዙ ስፍራ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ያልጠነከረ ቤትም ግድግዳው አብሮት ይሰነጠቃል። በጥር ያማረ ቤት በሐምሌ መግቢያ ሊያጣ ስለሚችል በሁለቱም ወራት ቢታይ መልካም ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው የቤተ ሰቡ ኑሮ ነው። ነጋዴው ቀኑን በገበያ ስለሚውል፣ ሠፈሩን በእውነት የምትኖርበት ባለቤቱ ናት። ገበያው፣ ጤና ጣቢያውና የልጆቹ ትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚርቁ እርስዋ ሳትመለከት ውል መፈረም አይገባም። አረጋዊት እናት በቤቱ ካሉ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በእግራቸው የሚደረስ መሆኑ ይታሰብ። የዕድርም ነገር እንዲሁ ነው፤ በአዲሱ ሠፈር ገና ዕድርተኛ ሳይሆን ሐዘን የደረሰበት ሰው፣ ድንኳኑንና ቀባሪውን የሚጠብቀው ከሩቁ ከቀድሞ ሠፈሩ ነው። ስለዚህ አዲሱ ዕድር እስኪጸና ድረስ የቀድሞውን አለመልቀቅ ብልኅነት ነው።

ይህ ሁሉ የከተማ ዳር ኑሮን ለመንቀፍ የተባለ አይደለም። ሰፊ ግቢ፣ ንጹሕ አየርና ለልጆች መጫወቻ ቀላል ትርፍ አይደሉም። ሥራውን በስልክ የሚያካሂድ ላኪ፣ ወይም ሱቁን ወደዚያው ሠፈር ለማዛወር ያሰበ ነጋዴ ይጠቀምበታል። ያልቈረጠለት ሰው ግን ከመግዛቱ በፊት ተከራይቶ ቢሞክር ይሻላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ የታየ ሠፈር ምሥጢሩን አይደብቅም።

ከዚህ በኋላ ወረቀቱን በሁለት ከፍሎ፣ በአንድ ወገን የሚገኘውን በሌላው የሚጐድለውን ጽፎ፣ ከባለቤቱ ጋራ መደመር ነው። በኪራይ የዳነው ብር በነዳጅ፣ በውሃ ቦቴና በጠፋው ሰዓት ካለቀ፣ ቤቱ ርካሽ የሆነው በደላላው ቃል ብቻ ነው።