ምስሉ ንጹሕ ሲሆን ሕመሙ የት ይፈለጋል? የአንጎል ሥራ የሚለካባቸው መንገዶች

ከሲያትል መሀል ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው የቢከን ሂል ኮረብታ ላይ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የሚታከሙበት ትልቅ ሆስፒታል አለ። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ጦርነቶች ተመልሰው ወደዚህ ሆስፒታል ከመጡት መካከል ፈንጂ በአቅራቢያቸው የፈነዳባቸው ይገኙበታል። በፍንዳታው ጊዜ ራሳቸውን የሳቱት ቢበዛ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጨርሶ ያልሳቱም አሉ። ራስ ምታቱ፣ መርሳቱ፣ የእንቅልፍ እጦቱና ንዴቱ ግን ከዓመታት በኋላም አልለቀቃቸውም። በእንዲህ ዓይነቱ ቀላል የአንጎል ጉዳት ሲቲ ስካንም ሆነ የተለመደው ኤም.አር.አይ. አብዛኛውን ጊዜ ምንም ጉዳት አያሳይም። ታዲያ ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ሰውየው ጤነኛ ነው ማለት ነው?

መልሱ የሚገኘው ሁለት ነገሮችን ለይቶ በማየት ነው፤ የአንጎልን መዋቅርና የአንጎልን ሥራ። ሲቲ ስካንና የተለመደው ኤም.አር.አይ. የሚያሳዩት መዋቅሩን ነው። የደም መፍሰስን፣ ዕጢን ወይም የተሰበረ የራስ ቅልን ለማግኘት እጅግ ይጠቅማሉ። ነገር ግን የአንድ ቤት ግድግዳና ጣሪያ ደኅና መሆኑ ምድጃው መንደዱን አይነግረንም። ሥራውን ለማወቅ ሌላ ዓይነት መለኪያ ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክና ማግኔት

የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በኬሚካልና በኤሌክትሪክ ነው። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 በየና ከተማ የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ ውጤቱን ያሳተመው ግን በ1929 ነበር። ይህ ኢ.ኢ.ጂ. የሚባለው ምርመራ በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ትንንሽ ብረቶች አማካይነት የብዙ ሺህ ሕዋሳትን የጋራ ድምፅ ያዳምጣል። ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ጎልቶ ይታያል።

የኢ.ኢ.ጂ. ብርታት ፍጥነቱ ነው፤ በሰከንድ አንድ ሺኛ የሚከሰተውን ለውጥ ይከተላል። ድክመቱ ቦታን በትክክል አለመለየቱ ነው፤ የራስ ቅል ምልክቱን ያደበዝዘዋል። ዋጋው ከሌሎቹ ስለሚያንስ በተለይ ለሚጥል በሽታ ምርመራ ይውላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1000 ሰዎች 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ማግኘታቸው በሽታው በአገራችን ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያሳያል። ነገር ግን እዚህም ጥንቃቄ ያሻል፤ በሽታው ያለበት ሰው በማይጥለው ጊዜ ሲመረመር ሞገዱ ጤናማ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ኤሌክትሪክ ባለበት ማግኔታዊ መስክም አለ። የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ኮኸን ከአንጎል የሚወጣውን ማግኔታዊ መስክ እ.ኤ.አ. በ1968 ለካ። ይህ መስክ ከመሬት ማግኔታዊ መስክ በመቶ ሚሊዮኖች ጊዜ ያነሰ በመሆኑ የሚለካው ከውጭ ማግኔታዊ ሁከት በተከለለ ክፍል ውስጥ ነው። ጥቅሙ የራስ ቅል እንደ ኤሌክትሪኩ አለማደብዘዙ ነው።

ደምና ስኳር

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ 20 በመቶ የሚሆነውን ጉልበት ይወስዳል። ስለዚህ ሥራውን በሚበላው ነገር መከታተል ይቻላል። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሴጂ ኦጋዋ እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ እንዳደረገው፣ ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ያራገፈ ደም በማግኔት ውስጥ ያላቸው ጠባይ ይለያያል። የሥራ ኤም.አር.አይ. የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ትኩስ ደም ይጎርፍለታል፤ መሣሪያውም ቦታውን በሚሊሜትር ይለያል። ይሁን እንጂ የደሙ ጉርፍ ጫፍ የሚደርሰው ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። የሚለካው ሐሳቡ ራሱ ሳይሆን የሐሳቡ ወጪ ነው ማለት ይቻላል።

ፔት ስካን ደግሞ ስኳርን ይከተላል። ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተያያዘበት፣ ግሉኮስን የሚመስል ስኳር በደም ሥር ይሰጣል። የተራቡ ሕዋሳት ይህን ስኳር ይወስዱታል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ሊያቃጥሉት ስለማይችሉ በውስጣቸው ይቀራል። ከእያንዳንዱ የፍሎሪን አተም የሚወጣው ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ሲጋጭ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚበሩ ሁለት ጨረሮች ይፈጠራሉ። በታካሚው ዙሪያ ያለው የመሣሪያው ቀለበት ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሲይዝ መነሻቸውን ያሰላል። ጨረሩ በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል።

በቢከን ሂል የተገኘው

የቀድሞ ወታደሮቹ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር የተጠቀሙት በዚህ በፔት ስካን ነበር። ዶክተር ኢሌይን ፔስኪንድና ቡድናቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በተደጋጋሚ ለፍንዳታ የተጋለጡ 12 የኢራቅ ዘማቾችን ከጤናማ ፈቃደኞች ጋር አነጻጸሩ። የዘማቾቹ ሴሬቤለም፣ ማለትም ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጎል፣ የሚጠቀመው ግሉኮስ አንሶ ተገኘ። ይህ ክፍል ሚዛንንና እንቅስቃሴን ከማስተካከል ባሻገር ከአስተሳሰብና ከስሜት ጋርም የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በጄምስ ሚቦን ቀዳሚ ጸሐፊነት የወጣው ቀጣይ ጥናት 33 የቀድሞ ወታደሮችን ይዞ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ሰውየው በፍንዳታ የተጎዳበት ጊዜ በበዛ ቁጥር የትንሹ አንጎል የስኳር ፍጆታ ዝቅ ያለ ነበር። በፍንዳታ ግፊት በተፈተኑ አይጦች ላይም በዚያው የአንጎል ክፍል የነርቭ ሕዋሳት መጥፋት ታየ። ቅሬታቸው የማይታመንላቸው ሰዎች ሕመም የሚለካ አሻራ እንዳለው የሚያመለክት ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው።

ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም

ይህ ማለት ግን አንድ ፔት ስካን ብቻውን በአንድ ታካሚ ላይ ፍርድ ይሰጣል ማለት አይደለም። ጥናቶቹ ያነጻጸሩት የሰዎችን ቡድኖች ነው፤ የጥቂቶች ውጤት ደግሞ በብዙዎች ላይ መረጋገጥ ይኖርበታል። ድብርት፣ የጦርነት ሥነ ልቦናዊ ጠባሳና መድኃኒትም የአንጎልን ሥራ ይለውጣሉ። በምስሎቹ ላይ የምናየው ቀይና ቢጫም ከአንጎል የመጣ ቀለም አይደለም፤ ኮምፒውተር ለቁጥሮች የሰጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ በሥራ ኤም.አር.አይ. ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶግራፍ ሲያሳዩት፣ የስሌት ጥንቃቄ ካልተደረገ ዓሣው «የሚያስብ» የሚያስመስል የቀለም ነጥብ መገኘቱ ለዚህ ትምህርት ሆኗል።

ጦርነት ባለፈበት አገር ሁሉ፣ በአገራችንም ጭምር፣ ከፍንዳታ ተርፈው አካላቸው ደኅና የሚመስል ሰዎች አሉ። ፔት ስካን በማይገኝበት ስፍራ እንኳ ሐኪም ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች አሉ፦ ስንት ጊዜ ፍንዳታ ደረሰብህ? ራስህን ስተህ ነበር? ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? ታካሚና ቤተሰብም በበኩላቸው ምርመራ ሲታዘዝ «ይህ መሣሪያ የሚያየው ምኑን ነው? የማያየውስ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። «ምስሉ ላይ ምንም የለም» ማለት «ምንም የለብህም» ማለት አይደለምና።