ድሬዳዋ ተወልዶ ኡሜዮ መማር

ውድ እትዬ፣

የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አዲስ አበባ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ እዚያው ሥራ ይዤ ቆይቻለሁ። ዘንድሮ ለማስተርስ ያመለከትኩባቸው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለውኛል። አንዱ ሰሜን ስዊድን፣ ኡሜዮ ነው፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ። ሌላው አሜሪካ፣ አሪዞና ሲሆን እዚያ የተሸፈነልኝ የትምህርት ክፍያው ግማሽ ብቻ ነው። እናቴ «በብርድ ከምታልቂ ቀፊራ ገበያ ያለውን ሱቄን ሸጬ አሪዞና እልክሻለሁ፤ አገሩ እንደ ድሬ ሞቃት ነው» ትላለች። እኔም ብርድ አልችልም። አዲስ አበባ ሳለሁ እንኳ ሐምሌና ነሐሴ ከአልጋ መነሳት ያቅተኝ፣ ሰው ማየት ያስጠላኝ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ይለቀኛል። ለአየር ጠባይ ብዬ ሙሉ ስኮላርሺፕ ብተው እብደት ይሆንብኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከድሬዳዋ

ልጄ፣ እብደት አይደለም። ሁለት ዓመት ውለሽ የምታድሪው በዚያ አየር ውስጥ ነው፤ መጠየቅሽ ተገቢ ነው። ግን ደብዳቤሽ ሁሉ ስለ ብርድ ሲያወራ፣ እኔን ያሳሰበኝ ስለ ሐምሌና ነሐሴ ጣል አድርገሽ ያለፍሽው ነገር ነው። እስቲ አስቢው፤ የአዲስ አበባ ሌሊት አጥንት የሚሰብረው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ያን ጊዜ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አለ፤ አንቺም ደህና ነበርሽ። የሚጥልሽ ደመናው ከሆነ፣ ስትሸሺ የኖርሽው ብርዱን ቢሆንም የጎዳሽ የብርሃን እጦት ይመስለኛል።

ይህ ስንፍና ወይም የእምነት መድከም አይደለም። ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ድብርት መኖሩን ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 በጽሑፍ ካቀረቡ ወዲህ ሐኪሞች በስሙ ያውቁታል፣ ያክሙታልም። እኔ ግን ከደብዳቤ ላይ በሽታ ልነግርሽ አልችልም። ለዚህ ነው መልስ ከመስጠትሽ በፊት የሥነ አእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ያን የክረምት ነገር እንዳለ እንድትነግሪ የምለምንሽ።

ምክንያቱም ኡሜዮ ከባድ ቦታ ነው። ድሬዳዋ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኡሜዮ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው፤ የምትጠልቀው ደግሞ 8 ሰዓት ሳይሞላ። አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብተሽ ስትወጪ ጨለማ ነው። የከተማው ሰውም ይከብደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የከተማዋ የኃይል ድርጅት በአውቶቡስ ፌርማታዎች ላይ ለድብርት ሕክምና የሚያገለግል ደማቅ መብራት እስከ መትከል ደርሶ ነበር። ሰኔ ላይ በተቃራኒው ሌሊቱ አይጨልምም፤ ያለ ወፍራም መጋረጃ እንቅልፍ የለም።

ብርዱን ግን አትፍሪው። በጥር አማካዩ ከዜሮ በታች 7 ወይም 8 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ብዙ የሚወርድባቸው ቀናትም አሉ። ቤቱ፣ ክፍሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ግን ይሞቃል፤ ማሞቂያ በሌለው የአዲስ አበባ ኪራይ ቤት የቻልሽው ብርድ እዚያ ቤትሽ ውስጥ አይገባም። ጃኬት ከዚህ ገዝተሽ ብር አታባክኚ። እዚያ ደህና ሳልቫጅ በርካሽ ይገኛል። ከሥር ጥጥ ሳይሆን ሱፍ ልበሺ፤ ጥጥ ላብ ይዞ ያበርድሻል። ጫማሽ በረዶ ላይ የማያንሸራትት ይሁን። 

ወደ አሪዞና ልምጣ። እናትሽ የሚያውቁት ሙቀት የድሬን ነው፤ ማታ ነፋስ ሲመጣ ደጅ የሚያስወጣውን። የአሪዞናዋ ከተማ ፊኒክስ እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ 31 ቀን በተከታታይ ከ43 ዲግሪ በላይ ሆና ነበር፤ ሌሊቱም እፎይ አያሰኝም። ትምህርት የሚጀመረው ነሐሴ ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ ነው። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ውብ ናቸው፤ ፀሐይ ሞልቷል። የሚያስፈራኝ ገንዘቡ ነው። አሜሪካ በተማሪ ቪዛ የሄደ ሰው ትምህርት ላይ እያለ ከግቢው ውጭ እንዲሁ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ግቢ ውስጥም በሳምንት 20 ሰዓት ነው ጣሪያው። ሱቁ ተሽጦ የመጀመሪያው ዓመት ቢያልፍ ሁለተኛውን ማን ይከፍላል? በየወሩ የቤት ኪራይ እያሰበ የሚያድር ሰው ፀሐይ ቢበዛለትም ይጨልምበታል።

እኔ ብሆን ኡሜዮን እመርጣለሁ፤ ሐኪሙ ካልከለከለሽ። ያ የክረምት ጊዜ ምግብ እስከ መከልከል ወይም ሞትን እስከ መመኘት ያደረሰሽ ከነበረ ግን ስኮላርሺፑ ይቅርብሽ፤ ለከርሞ ደቡብ ስዊድን ወዳለው ሉንድ አመልክቺ፤ በታኅሣሥም ሰባት ሰዓት ያህል ቀን አለው። ቀለል ያለ ከሆነ ደግሞ ገና በመስከረም ተዘጋጂ። 10,000 ሉክስ የብርሃን መጠን የሚሰጥ የሕክምና መብራት አለ፤ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ፊት ለፊቱ መቀመጥ ብዙዎችን ረድቷል፣ የዓይን ሕመም ካለብሽ ግን አስቀድመሽ ሐኪም ጠይቂ። ጠይም ቆዳ በደካማ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ እንደ ልብ ስለማይሠራ ደምሽን አስመርምሪ። እኩለ ቀን ላይ፣ ደመናም ቢሆን፣ ውጪ። የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ጤና ክፍል ሳይብስብሽ በፊት፣ በደህናሽ ቀን ተዋወቂው። አንድ ጓደኛሽም በየሳምንቱ እንዲደውልልሽ፣ ስልክ ማንሳት ባስጠላሽ ጊዜ ደግሞ ዝም ብሎ እንዳያልፍሽ ቃል አስገቢው።

ለእናትሽም ሱቁን እንዳይነኩት ዛሬውኑ ንገሪያቸው።