ግቢያችሁ ባዶ የሆነው ዕቃ ጠፍቶ አይደለም

ደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ ጫጫ ላይ ዶማ የሌለው ቤት የለም። ማጭዱም ከጣሪያው ሥር ተሰክቷል። ግቢን በሀገር በቀል ተክል ለማስዋብ ከዚህ በላይ የሚፈለገው ጥቂት ነው፤ አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ ምላጭ፣ ባልዲ። ሞረድ ካለማ ሞላ!

በደብረ ብርሃን መንገድ ግራና ቀኝ ዓይን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ ቤት ሠርቶልናል፣ ምድጃ አሙቆልናል፤ ውለታውን አልክድም። ነገር ግን ይህ ምድር የኮሶ፣ የወይራና የጥድ አገር ነው። የወፍ ዋሻን ደን ያየ ሰው አይጠራጠርም። ቀጋ ደግሞ አጥርም አበባም ይሆናል፤ ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዶማውን አንሡ። የሜዳው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ያቁራል። ስለዚህ ቁፋሮውን ለሐምሌ ጭቃ አታቆዩት፤ የበልጉ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስ ጀምሩ። 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። የላዩን ለም አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አድርጉ፤ በተከላ ቀን የላዩ ወደ ሥሩ ይመለሳል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ በአካፋ ጉብታ ሠርታችሁ እዚያ ላይ ትከሉ። ምላጩ ችግኙ ያለበትን የፕላስቲክ ከረጢት መቅደጃ ነው። ሳይቀድዱት የሚተክሉ ስንት አሉ! ሥሩ ታፍኖ ይቀርና ችግኙ ይታማል።

እኔ ከሁሉም የማስበልጠው መኮትኮቻውን ነው። መትከል የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ መኮትኮት ግን የዓመት ሥራ ነው፤ ፎቶ የሚያነሣችሁም የለም። መስከረም ላይ አረሙን ንቀሉ፣ አፈሩን አላሉት። ከጥቅምት ወዲህ ውርጩ ሲበረታ ለጋውን ችግኝ ማታ በገለባ ሸፍኑት፣ ረፋዱ ላይ ግለጡት። በበጋ ከባልዲው ትንሽ ትንሽ አጠጡት። በጉ እንዳይደርስበት በማጭዱ እሾህ ቆርጣችሁ ዙሪያውን እጠሩለት።

ዕቃውንም አክብሩት። ከሥራ በኋላ ጭቃውን ጥረጉ፣ ስለቱን በሞረድ ሳሉ፣ ብረቱን ዘይት ቀቡት። የላላ ዛቢያ እጅ ይልጣል፤ በወይራ ቀይሩት። የደነዘ ዶማ ጉልበት ይበላል፤ ጉልበት ሲያልቅ ደግሞ ሰው «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ስንት ጥሩ ሐሳብ የሞተው በስንፍና ሳይሆን በደነዘ ብረት ነው!

ሃያ ጉድጓድ አታስቡ። ዘንድሮ ሁለት ቆፍሩ፤ አንዱ ለኮሶ፣ አንዱ ለወይራ፤ ቀጋውን ከአጥሩ ዳር አስጠጉት። ለችግኝ ጣቢያው ሠራተኛም ክረምቱ ሳይገባ የምትፈልጉትን በስሙ ንገሩት፤ አለዚያ ባሕር ዛፍ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።